«እም» የሚለው ስምና የእኛ ዕዳ

የሰው ልጅ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ አስቀድሞ የሚያሰማው ልቅሶን ነው፤ ከልቅሶው ቀጥሎ አፉን የሚፈታበት ቃል ግን የእናቱ መጠሪያ ነው። ስለዚህም በአማርኛችን ሰው በመጀመሪያ የተማረውን ቋንቋ «የአፍ መፍቻ» እንለዋለን። የታሰረ እንጂ ያልታሰረ አይፈታምና፥ ይህ አነጋገር አፋችን ታስሮ እንደ ነበረና የፈታችውም እናት እንደ ሆነች ይመሰክራል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን። ይኸውም፥ አንድ ሕዝብ እናቱን የሚጠራበትን ቃል ቢያጣ ምን አጣ? ሲጠፋስ ዕዳው በማን ላይ ይቆጠራል? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ የመጣልን ከመጽሐፍ ገጽ አይደለም፤ ከጣና ዳር ነው። አንድ ቀን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለመሻገር ጀልባ ስንጠብቅ፥ አንድ ሽማግሌ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ አየን። ከነገደ ወይጦ ወገን ናቸው። በአጠገባቸው ካለው ጎጆ አንድ ሕፃን ወጥቶ «እማ!» ብሎ ተጣራ፤ እናቲቱም ከውኃው ዳር ሆና መለሰችለት። እኛም ስለ ቃል መጠየቅ ልማዳችን ነውና፥ «አባባ፥ የጥንት አባቶቻችሁ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው ይባላል፤ በዚያ ቋንቋ እናት ምን ትባል ነበር?» አልናቸው። ሽማግሌውም እጃቸውን ከሥራው ሳያነሡ፥ «አባ፥ እኔ እናቴን እማ እያልሁ አደግሁ፤ እርሷም እናቷን እማ ስትል ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት ምን ይባል እንደ ነበር የሚያውቀው ይህ ውኃ ነው» አሉን። ጀልባው መጣ፥ ተሻገርን፤ ነገሩ ግን ከልባችን አልወጣም።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። በግእዝ እናት «እም» ትባላለች። ይህ ቃል ለሴም ልሳናት ሁሉ የጋራ ርስት ነው። ዕብራዊው «ኤም»፥ ሶርያዊው «ኤማ»፥ ዐረቡ «ኡም» ይላል፤ በሰሜን ያለው የትግረ ልሳን ተናጋሪም እስከ ዛሬ «እም» ይላል። አማርኛ ስለ እርስዋ ሲናገር «እናት» ቢልም፥ እርስዋን ራስዋን ሲጠራ ግን ወደ ጥንቱ ተመልሶ «እማ»፥ «እማዬ»፥ «እምዬ»፥ «እማማ» ይላል። «እመቤት» የምንለውም «እመ ቤት»፥ የቤት እናት ማለት ነው። የሴቶች ገዳም አስተዳዳሪም «እመ ምኔት» ትባላለች። ሕዝባችን ይህን ስም ከወለደች በቀር ለሌላ አይሰጥም እንዳይባል፥ ዳግማዊ ምኒልክን ወንድና ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ስለ ርኅራኄያቸው «እምዬ ምኒልክ» ብሏቸዋል። የክርስትና እናት አለች፥ የጡት እናት አለች፥ የእንጀራ እናትም አለች። ስለዚህ ስሙ ከመውለድ ይሰፋል፤ ለሚራራና ለሚያሳድግ ሁሉ ይደርሳል።

በግእዝ ንባብ ቤት ሳለን መምህራችን ያሳዩን አንድ ነገር ደግሞ አለ። «እምነ» የሚለው ጽሕፈት ሁለት ንባብ አለው። «ም» ፊደል ጠብቆ ሲነበብ «እናታችን» ማለት ነው፤ «እምነ ጽዮን» እንዲል። ላልቶ ሲነበብ ግን «ከ» ማለት ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ፥ ከዚያ መጥቶ እንደምንል። የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው አንልም፤ መልካቸው መመሳሰሉ ግን ለተማሪ ትምህርት ይሆነዋል። «ከየት መጣህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የመጀመሪያ መልሱ እናቱ ናትና። አንድም፥ ድምፁን ያላላው ሰው እናቱን አጥቶ መንገዱን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ያጠበቀው ግን ከየት እንደ መጣም ማን እንደ ወለደችውም ያውቃል።

በዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ስም ሰዎች ተስማምተው የሚያወጡት ምልክት ነው እንጂ ነገሩ ራሱ አይደለም። በትግርኛ አደ፥ በሲዳምኛ አማ፥ በሶማሊኛ ሆዮ ትባላለች፤ በሁሉም ግን ያችው እናት ናት። ስለዚህ አንዱ ቃል ጠፍቶ በሌላው ቢተካ ምን ጉዳት አለ? ልጁ እናቱን እስከ ወደደ ድረስ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠራት አይበቃምን?» ክርክሩ ቀላል አይደለምና ችላ ልንለው አይገባም።

በእርግጥ ድምፁ ብቻውን ቅድስና የለውም። ሮማን ያኮብሶን የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፥ በብዙ ልሳን የእናት መጠሪያ «ም» የሚል ድምፅ ያለበት ስለ ምን እንደ ሆነ መርምሯል። ሕፃን ጡት ሲጠባ ከንፈሩ ተዘግቶ በአፍንጫው የሚያሰማው ድምፅ «ም» ነውና፥ ኋላ ሲርበውና ሲፈልጋት ያንኑ ድምፅ ያሰማል ብሏል። ነገር ግን ይህ በሁሉ ዘንድ አንድ አይደለም። እንደ እኛው ጥንታዊ ክርስቲያን የሆነው የጆርጂያ ሕዝብ አባቱን «ማማ»፥ እናቱን «ዴዳ» ይላል። እኛ ስንሰማው የተገለበጠ ይመስለናል፤ ለጆርጂያዊው ልጅ ግን ከ«ዴዳ» የሚጣፍጥ ቃል የለም። ስለዚህ ቃሉን ውድ ያደረገው ድምፁ እንዳልሆነ ለተከራካሪው እንቀበልለታለን።

ድምፁ ካልሆነ ታዲያ ምንድር ነው? ይህን ለመረዳት ስምን ከጥሪ መለየት ያስፈልጋል። ስለ እናታችን ለሌላ ሰው ስንናገር «እናቴ» እንላለን፤ ይህ ስም ነው። ወደ እርስዋ ስንጮህ ግን «እማ» እንላለን፤ ይህ ጥሪ ነው። ስምን ከመጽሐፍም ከገበያም መማር ይቻላል፤ ጥሪን ግን ከራስዋ ከእናት አፍ ካልሆነ በቀር የሚያስተምረን የለም። እርስዋም ከእናትዋ ተማረችው፥ ያችም ከእናትዋ። እንግዲህ ጥሪ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ቅብብል ነው፤ ልጅ «እማ» ሲል እናቱን ብቻ ሳይሆን ያላያቸውን ቅድመ አያቶቹን ሁሉ በአንድ ቃል ይጠራል። ቅብብሉ ሲቋረጥ ፍቅር አይቋረጥም፤ ልጁ በአዲሱ ቃል እናቱን ይወዳታል። የተቋረጠው ምስክርነት ነው። ከሰባት ትውልድ በፊት የነበረች አያቱ ዛሬ ተነሥታ ብትመጣ፥ ልጁ ሲጠራት አትሰማውም።

ይህን ያስተዋለ አንድ ሕዝብ በሩቅ አገር አለ። በሆላንድ ሰሜን፥ በባሕሩ ዳር ፍሪዝላንድ የሚባል ክፍለ አገር ይገኛል። በአገራችን ገበሬ ዘንድ ለወተቷ የምትወደደው ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። የአገሩ ሰዎች ከሆላንድኛ የተለየ የራሳቸው ልሳን አላቸው፤ ተናጋሪዎቹም አራት መቶ ሺህ ያህል ናቸው። በዚህ ልሳን እናት «ሜም» ትባላለች። ሌዋርደን በተባለችው ዋና ከተማቸውም በ1954 እ.ኤ.አ. ለላም ሐውልት አቆሙላት፤ ሕዝቡም «ኡስ ሜም» ይላታል፤ «እናታችን» ማለት ነው። ላም አመለኩ አንበል፤ ያጠባቻቸውን በእናታቸው ቃል ጠሩ እንጂ። ይህ ቃል ያለ ዋጋ አልቆየላቸውም። በ1951 እ.ኤ.አ. በዚያችው ከተማ ፍርድ ቤት በልሳናችን እንናገር ባሉ ጊዜ ክርክር ተነሥቶ ሕዝቡ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ፤ በ1956 እ.ኤ.አ. በሕግ ተፈቀደላቸው፤ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ልሳኑ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻቸው ሁሉ የግድ የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። በጀርመን አገር ደግሞ ከዚሁ ወገን የሆነ፥ ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች ብቻ የሚናገሩት ታናሽ ልሳን አለ፤ እርሱም ተጽፎ መዝገበ ቃላት ወጥቶለታል። እንግዲህ ልሳንን የሚያኖረው የተናጋሪው ብዛት ብቻ እንዳይደለ ከዚህ እንማራለን፤ ተናጋሪው የማያፍርበት፥ ጎረቤቱም የሚጽፍለት እንደ ሆነ ይኖራል።

አሁን ከሩቁ ባሕር ወደ ጣናችን እንመለስ። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ነበር። ይህ ሰው በአገራችን የሚነገሩትን ልሳናት ለማወቅ ስለ ፈለገ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ወደ አማርኛ፥ ወደ አገውኛ፥ ወደ ጋፋትኛና ወደ ሌሎችም አስተረጐመ። ከዓባይ ወዲህ በጎጃም ይነገር የነበረው ጋፋትኛ ከዚያ በኋላ እየመነመነ ሄዶ፥ ቮልፍ ሌስላው የተባለው ሊቅ በ1947 እ.ኤ.አ. ፈልጎ ሲደርስ አራት ሰዎች ብቻ ሲናገሩት አገኘ። ዛሬ ተናጋሪ የለውም። ሆኖም ያ የሰሎሞን መጽሐፍ ስለ እናት ደጋግሞ ይናገራልና፥ የጋፋት ልጆች እናታቸውን የጠሩበት ቃል በጽሑፍ ተርፏል። ነገደ ወይጦን በሚመለከት ግን ብሩስ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው መሰከረ እንጂ ቃላቸውን ሊያገኝ አልቻለም። በ1907 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ እነርሱ የጻፉ ሊቃውንት ነገሩን ሲመረምሩ ሕዝቡ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ተገኘ። ልሳናቸው ሳይጻፍ ጠፋ። ከእርሱም ጋር የእናት መጠሪያቸው ጠፋ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ የጠፋው በየት እንደ ሆነ አስተውል። መጽሐፍ በሌለበት ምድረ በዳ አይደለም። ክብራን ገብርኤል፥ ዳጋ እስጢፋኖስ፥ ጣና ቂርቆስ፥ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉበት ነው። በእነዚህ ደሴቶችና ገዳማት ከ14ኛውና ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ወንጌል ተጽፏል፥ ገድልና ተአምር ተቀድቷል፥ ብራና ተፍቋል፥ ቀለም ተበጥብጧል። ጸሐፊዎቹን ከደሴት ወደ ደሴት ያሻገራቸው የደንገል ታንኳ ነው፤ በታንኳው ሥራ የታወቁት ደግሞ እነዚያው ሰዎች ናቸው። አባቶቻችን ታንኳውን ተሳፈሩበት፤ የታንኳ ሠሪው ልጅ እናቱን ሲጠራ ግን ጆሮ አልሰጡም። አንድ ቅጠል ብራና፥ በዚያም ላይ ዐሥር ቃል ብቻ ቢጻፍ ኖሮ፥ ዛሬ ሽማግሌው «የሚያውቀው ይህ ውኃ ነው» ባላሉን ነበር።

ይህን ስንል አባቶቻችንን ለመክሰስ አይደለም፤ ከራሳችን እንጀምራለንና። በልጅነታችን የቆሎ ተማሪ ሳለን፥ ደበሎ ለብሰን አኩፋዳ አንግበን በጣና ዳር ባሉ መንደሮች እንለምን ነበር። ልመናችን እንደ ሥርዐቱ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ነው፤ ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። አንድ ቀን ከጓደኛችን ጋር መንገድ ስተን ከነገደ ወይጦ ሰፈር ደረስንና በአንዲት ጎጆ ደጃፍ እንደ ልማዳችን ጮኽን። አንዲት ሴት ትኩስ ቂጣ ይዛ ወጣች። የማን ቤት እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ ብናውቅ፥ ጉማሬ ይበላሉ እየተባለ ሰው ሁሉ ከእነርሱ ጋር መብል እንደማይተባበር ሰምተን ነበርና፥ አኩፋዳችንን ወደ ኋላ ደብቀን ዞርን። እርስዋም ቂጣውን እንደ ያዘች ቆማ፥ «ልጆቼ፥ የእናትን ስም ጠርታችሁ የእናትን እንጀራ ትንቃላችሁ?» አለችን። ሮጥን። በዚያ ምሽት የለመነውን እንጀራ በላን፥ ተኛንም። ቅኔ ተምረን፥ ትርጓሜ አሂደን፥ ካህን ሆነን ብዙ ካስተማርን በኋላ ግን የዚያች ሴት ቃል ያልተፈታ ምሥጢር ሆኖ ተቀመጠብን።

አንዳንዱ «እነርሱ ቋንቋቸውን በገዛ እጃቸው ተዉት፤ ማንም አልነጠቃቸውም» ይል ይሆናል። ሰው ግን የሚናቅበትን ነገር በግድ ሳይነጠቅ ራሱ ይደብቀዋል። እናት በቋንቋዋ ስትናገር ገበያተኛው ቢስቅባት፥ ልጅዋ እንዳይሳቅበት በገበያተኛው ቋንቋ ታሳድገዋለች። እርስዋ ይህን ያደረገችው ልጅዋን ስለ ወደደች ነው፤ ኀጢአቱ የሳቀው ሰው ነው። ንቀት ሰይፍ ሳይመዝ፥ ዐዋጅ ሳያስነግር ልሳን ይገድላል፤ ስለዚህም ገዳዩ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፥ እኛም እጃችን ንጹሕ ይመስለናል።

ሌላው ደግሞ «ከሃይማኖታችን ውጭ ናቸውና ቃላቸውን መጻፍ የቤተ ክርስቲያን ሥራ አልነበረም» ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱ በወንጌል አለ። ጌታችን ደንቆሮና ኰልታፋ የነበረውን ሰው በፈወሰ ጊዜ «ኤፍታህ» አለው፤ ተከፈት ማለት ነው (ማር. 7፥34)። ያን ጊዜ የታሰረው ምላሱ ተፈታ። ወንጌላዊው በጽርእ ሲጽፍ ይህን ቃል ለምን በትርጓሜው ብቻ አላለፈውም? ጌታ ከእናቱ የተማረው፥ ያደገበት የሶርያ ልሳን ስለ ሆነ እንዲሁ እንዳለ አቆየው። ቃሉን ያቆየልን የጸሐፊው ማስተዋል ነው። በበዓለ ኀምሳም መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ ከየአገሩ የመጡት ሰዎች አንድ ልሳን ተማሩ አልተባለም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ልሳን ሰማ ተባለ እንጂ (የሐዋ. 2)። መንፈስ ቅዱስ ያልናቀውን የእናት ቋንቋ እኛ የምንንቀው ምን ሥልጣን ይዘን ነው?

አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝም (ዘጸ. 20፥12) በራሳችን ደጃፍ አያልቅም። እናቱን የሚያከብር ሰው የባልንጀራውን እናት ሊያዋርድ አይችልም፤ ካዋረደ ያከበረው እናትነትን ሳይሆን የራሱን ወገን ነው። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለማትወልደው ደቀ መዝሙር ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)፤ በዚህም እናትነት ከሥጋ ዝምድና አልፎ እንዲሄድ አደረገ። እመቤታችን ራስዋ ከስደት ስትመለስ በጣና ቂርቆስ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን እንደ ተቀመጠች አባቶች ይተርካሉ። እንግዳ እናትን የተቀበለ ሐይቅ ነው እያልን የምንመካበት ከሆነ፥ በዳርቻው የኖረችውን እናት እንዴት እንግዳ አደረግናት? የአገራችን ሰው «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ይላል። ከአንድ ማሕፀን ልዩ ልዩ መልክ ያለው ልጅ ይወጣል፤ አገርም እናት ከተባለች ሆድዋ ዥንጉርጉር መሆኑን መቀበል ይገባናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የጠፋውን ቃል መመለስ አይቻለንም። ያልጠፉትን ግን ማቆየት ይቻላል። በጎንደር ዙሪያ የቅማንት ቋንቋ በጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ቀርቷል፤ በአገው ምድር አውኛ ዛሬም በቤትና በትምህርት ቤት ይነገራል። በእነዚህ አገሮች የምታገለግሉ ካህናትና ዲያቆናት ሆይ፥ ብራና መፋቅ አይጠበቅባችሁም፤ ደብተርና እርሳስ በየሱቁ አለ። ከምእመናኑ መካከል ያሉትን አሮጊት ጠጋ ብላችሁ፥ «እማማ፥ እናትዎን ምን እያሉ ይጠሩ ነበር?» በሉ፤ የነገሩዋችሁንም ጻፉ። አያቶቻቸው የሚናገሩትን የሚያፍሩ ልጆች ብታገኙ፥ በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ቆማችሁ ያ ልሳን እግዚአብሔር የሚሰማው ልሳን እንደ ሆነ አስተምሩ። ይህ ከስብከት የተለየ ሥራ አይደለም።

ለነገደ ወይጦ ደግሞ ያለብን ዕዳ በሌላ መንገድ ይከፈላል። ቃላቸው ጠፍቶ የእኛን ቃል ወስደዋል፤ ልጃቸው ዛሬ «እማ» የሚለው በእኛው ቋንቋ ነው። እንግዲያስ ቢያንስ በዚህ በጋራ ቃላችን እንጥራቸው። ለእናታችን የማንነፍገውን አክብሮት ለእነርሱም እናቶች አንንፈጋቸው፤ በመንገድ ስናገኛቸው በነገዳቸው ስም ሳይሆን «እማማ» ብለን እንጥራቸው፤ ከተሰጠንም እንቀበል።

እኛ ከዘጌ በተመለስን ጊዜ ታንኳ ሠሪው ሽማግሌ በዚያው ነበሩ። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሰፌድ ይሰፉ ነበር። ጎንበስ ብለን «እማማ፥ እንደምን ዋሉ?» አልናቸው። ቀና ብለው መስቀላችንን አዩ፥ ከዚያም ወደ ባለቤታቸው ዞሩ፤ ለእርሳቸው የተነገረ አልመሰላቸውም ነበርና። ደግመን «እማማ» አልናቸው። ያን ጊዜ መሶቡን ከፍተው ቂጣ ቆረሱልን። ከአርባ ዓመት በኋላ የመጣ ቂጣ ነው፤ ተቀበልን፤ በላንም። ዕዳው ተከፈለ አንልም፤ መክፈል ጀመርን እንጂ። የቀረውን እንድንከፍል የአባቶቻችንና የእናቶቻችን አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።